በደረት ተኝተው የሚያዩዋት አበባ

ተራራችንን ለአራት ቀን ሸፍኖ የሰነበተው ደመና ሐሙስ ጠዋት ተገፈፈ። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር የፍየል ወተት ልገዛ ወደ ላይኛው ሰፈር ስወጣ፣ የጋራው ግጦሽ መግቢያ በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው በሩን ከፍተው ይዘዋል፤ ሁለተኛዋ ሳንስማማ አልገባም ብላ ቆማለች። ከውስጥ ደግሞ ሦስት ፍየሎች የተከፈተውን በር በተስፋ ይመለከታሉ።

በሩን የያዙት ኦም አጵሎስ ናቸው። ትልቅ ሴትን ታንት፣ ትልቅ ወንድን ደግሞ ኦም ብለን ነው የምንጠራው፤ እሳቸው ግን ይህ ስም ከማንም በላይ ይስማማቸዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የመንደሩ ፎቶ አንሺ። ፎቶ ለማንሳት ሲወጡ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጥቁሩን የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። አንገታቸው ላይ ልጃቸው ከኬፕታውን የላከላቸው ካሜራ ተንጠልጥሏል፤ ከካሜራው ደግሞ ክንድ የሚያህል ሲባጎ ይወርዳል። አልገባም ያለችው የእህታቸው የልጅ ልጅ ጆሊን ናት፤ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ትምህርት ጨርሳ ለጸደዩ ወደ ቤት የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። የታጠፈ ጆንያ በብብቷ ይዛለች።

«መምህር፣ በጥሩ ሰዓት መጡ» አሉኝ ኦም አጵሎስ። «ይቺ ልጅ እንደ ውሻ መሬት ላይ ይተኙ እያለችኝ ነው። ይፍረዱ።»

«ውሻ አላልኩም» አለች ጆሊን። «እንሽላሊት ነው ያልኩት።»

«እንሽላሊት ይሻላል?»

«ለአበባ ይሻላል፣ ኦም።»

ወተቱን ተውኩትና አብሬያቸው ገባሁ፤ በሩንም ፍየሎቹ ሳይቀድሙን ዘጋሁት። ነገሩ እኔንም ይመለከተኝ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የኦም አጵሎስን ደብዳቤዎች የምልከውም፣ መልሱን የማነብላቸውም እኔ ነኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ታንት ድሪካ ፍየል ስትጠብቅ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ከአንድ ቋጥኝ ጥግ አንዲት አበባ አገኘች። አበባዋ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ስድስት የአበባ ቅጠል ያላት፣ እንደ ትንሽ ጽዋ የቆመች ሮዝ አበባ ናት። እሷን የሚመስሉ እህቶቿ ተራራውን ሞልተውታል። ድሪካ ግን ይቺ ሌላ ናት አለች፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ጥቁር ቀለበት አላት፣ መሃሏ ላይ በቆሙት ሦስት ዘንጎች እግር ስር ደግሞ ነጭ ጠጉር አላት። ለሰማት ሁሉ ይህን ስትናገር ኖራ ከሁለት ክረምት በፊት ዐረፈች። በዚያ ዓመት የከተማ ሊቃውንት የተራራችንን አበቦች በአንድ መጽሐፍ ሊያወጡ ተነሱ። ኦም አጵሎስ ይህን ሲሰሙ ጻፉላቸው። ሊቃውንቱም እንዲህ ያለች አበባ በየትም አልተጻፈችም፣ እውነት ከሆነ ገጽ እንሰጣታለን፣ የውስጧን ፎቶ ላኩልን አሉ። በሕይወት ያሉት አሥራ አንድ ብቻ መሆናቸውን ስለነገርናቸው እንዳትቀጠፍ አጥብቀው ከለከሉ።

ኦም አጵሎስ ሦስት ጊዜ አንስተው ላኩ። የመጀመሪያው መልስ «ተራራው እጅግ ያምራል። አበባዋ የትኛዋ ናት?» ይላል። ሁለተኛው «ፍየሉን አይተነዋል፤ የአበባዋን ውስጥ ግን አላየንም» ይላል። ሦስተኛው ሰኞ ዕለት መጣ። «የፊተኛው ቅጠል ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ውስጧ ግን ጭጋግ ነው። መጽሐፉ ዓርብ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። እስከዚያ ካልደረሰን ገጹን ለሌላ አበባ እንሰጠዋለን።» ይህን ሳነብላቸው ኦም አጵሎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትንሽ ቆይተውም መልሰው አደረጉት። ከዚያ በኋላ እስከ ረቡዕ ፀሐይ አልወጣችም። አበባዋ ደግሞ ፀሐይ ካላየች አፏን አትከፍትም።

ስለዚህ የቀረን ያ አንድ ቀን ነበር።

«ጭጋግ ይላሉ» አሉ ኦም አጵሎስ ዳገቱን እየወጡ። «ምን ጭጋግ አለበት? ልኬ ትክክል ነው። ይኸው ሲባጎው፤ ሌንሱን ያስተካከልኩት በዚህ ርዝመት ነው። የሲባጎውን ጫፍ መጀመሪያ ወደ እኔ የቀረበችው ቅጠል ላይ አስነካለሁ። ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ሰላም የምትይው በር ላይ ያለውን ሰው ነው። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ እንደ መርፌ ዐይን አጠባለሁ፤ ከቅርቡ ቅጠል እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ሁሉም ይገባል። ማንም ውጭ አይቀርም።»

«ሁሉም ከገባ እሷ የት አለች?» አለች ጆሊን።

«ከጎረቤቶቿ ጋር ነዋ። አበባ አገር የላትም እንዴ? አንዷን አጥርቶ ሌላውን ማደብዘዝ ጎረቤት መናቅ ነው። አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን የፋሲካ ፎቶ አንስቻለሁ። የኋላ ረድፍ ላይ የቆመች የአንዲት ሴት አፍንጫ እንኳ ደብዝዞ አያውቅም።»

«ቢደበዝዝስ ኖሮ?»

«ቢደበዝዝማ ዛሬ ከእኔ ጋር ዳገት አትወጪም ነበር። መቃብሬን ነበር የምትጎበኚው።»

እዚህ ላይ ስለ ኦም አጵሎስ አንድ እውነት መናገር አለብኝ። ሐሳባቸው ከየትም የመጣ አልነበረም። መሬታችን የጋራ ነው፤ ምንጫችንም የጋራ ነው። በ1980ዎቹ በአንድ የሠርግ ፎቶ ላይ ከግማሽ ፊቷ በላይ ያልታየች አንዲት ሴት የሙሽራውን ቤተሰብ እስከ ዛሬ ድረስ አታነጋግርም። እንዲህ ባለ አገር ሁሉንም እኩል ማጥራት ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሰላም ማስጠበቂያም ነው። ጥፋቱ ልማዱ ላይ አልነበረም። ለአንድ ጥያቄ የተሠራን መልስ ለሌላ ጥያቄ መስጠት ላይ ነበር። ጆሊንም የያዘችው ይህንኑ ነው።

«የፋሲካው ፎቶ ልክ ነው» አለቻቸው። «ያ የሚነሳው ማን ማን እንደመጣ ለማወቅ ነው። የዛሬው ደግሞ አንዷ ማን እንደሆነች ለማወቅ ነው። ሁለት ጥያቄ ነው፣ ኦም። አንድ መልስ አይበቃውም።»

«ዩኒቨርሲቲው ይሄን ለማስተማር ነው አራት ዓመት የፈጀብሽ?»

«ሦስቱን ዓመት ስም ስንሸመድድ ነበር።»

ቋጥኙ ጋ ስንደርስ አበቦቹ ገና እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ተዘግተው ነበር። ጆሊን አሥራ አንዱንም ቆጠረችና እንዳንረግጣቸው በእያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ አንድ ነጭ ጠጠር አስቀመጠች። ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። ኦም አጵሎስ ፍም ላይ የተጋገረ ዳቦ ከኪሳቸው አውጥተው ቆረሱልን፤ ጆሊን ከፔርሙስ ቀይ ሻይ ቀዳችልን። ከበታቻችን የፍየል መንጋ እየጋጠ ያልፍ ነበር፤ የኦም አጵሎስና የጎረቤታቸው የኦም ሄርት ፍየሎች ተቀላቅለዋል።

«ኦም» አለች ጆሊን ዳቦዋን እያኘከች። «ከእነዚህ የእርስዎ የትኞቹ ናቸው?»

ኦም አጵሎስ በጣታቸው ቆጠሩ። «ያቺ። ያቺ። ያ ጢማሙ። ከድንጋዩ ኋላ ያለችው። ያኛው ደግሞ የሄርት ነው፤ ሌባ ነው እንደ ጌታው።»

«በምን ለዩአቸው?»

«በጆሮ ነዋ። የእኔዎቹ ግራ ጆሯቸው ላይ ሁለት ቁርጥ አላቸው። የሄርት ደግሞ ቀኝ ጆሯቸው የተበሳ ነው። ይሄን የማታውቂ የማን ልጅ ነሽ?»

«አውቃለሁ። ግን እኮ ቀድሞ ወደ እርስዎ የሚመጣው አፍንጫቸው ነው። በር ላይ ያለው እሱ ነው። ለምን በአፍንጫቸው አይለዩአቸውም?»

«አፍንጫማ ሁሉም አለው።»

«ጆሮስ?»

«ጆሮው ላይ ያለው ምልክት ግን...» ብለው ኦም አጵሎስ ማኘካቸውን አቆሙ። ጆሊንን አዩአት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔ ሻዬን አየሁ።

«በገዛ ፍየሌ ልትይዥኝ ነው» አሉ።

«ይዤዎታለሁ።»

«ጨርሺው እንግዲህ።»

«የዚች አበባ ቅጠል ጫፍ አፍንጫ ነው፣ ኦም። እህቶቿም ተመሳሳይ አላቸው። ሲባጎውን እዚያ ላይ ሲያስነኩ ከተማ ላሉት ሰዎች የሚልኩላቸው የፍየል አፍንጫ ነው። የእሷ ቁርጥ ያለው ጉሮሮዋ ውስጥ ነው። ቀለበቱና ጠጉሩ ያለበት ቦታ። መጥራት ያለበት እሱ ነው፤ ሌላው ቢደበዝዝም ይደብዝዝ።»

ኦም አጵሎስ ዳቦውን ጨርሰው እጃቸውን አራገፉ። «ነገሩ ገብቶኛል» አሉ። «መተኛቱ ግን አልገባኝም።»

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል አበቦቹ መከፈት ጀመሩ። አንዷ ቀድማ አፏን አላቀቀች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ኦም አጵሎስ በመጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ልሞክር አሉ፤ ማንም አልተቃወማቸውም። በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የሲባጎውን ጫፍ ቅጠሉ ላይ አስነኩ፣ ቀዳዳውን አጠበቡ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ተጫኑት። ጆሊን ምስሉን በካሜራው ማሳያ መስታወት ላይ አተልቃ አሳየቻቸው። ተራራው ነበር። የቋጥኙ ስንጥቅ እስከ ጥግ ይታይ ነበር። የፊተኛዋ ቅጠል ጫፍ ላይ የነበረች ጉንዳን እግሯ ሳይቀር ይቆጠራል። ጉሮሮዋ ያለበት ቦታ ግን በቅጠሉ ጥላ ውስጥ ገብቶ በጣት የተሻሸ ቀለም ይመስል ነበር።

«ምን ላይ እንደምናነጣጥር ልወቅ» አለች ጆሊን ቀስ ብላ። «ኦም፣ ቀለበቱ ድፍን ጥቁር ነው ወይስ ወደ ቡናማ ይሄዳል?»

«ድሪካ ጥቁር ነው ትል ነበር።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ኦም አጵሎስ ወደ ተራራው ተመለከቱ።

«እኔ አላየሁትም» አሉ።

ጆሊን ቀና አለች።

«እሷ ትተኛና ታይ ነበር። እኔ ፍየሎቹን እይዝ ነበር። እዚህ ጋ ነበር የምቆመው፤ ከእሷ የሚታየኝ የጫማዋ ሶል ነበር። ቀለበት አለው ትለኛለች፤ እሺ እላለሁ። ጠጉር አለው ትላለች፤ አምንሻለሁ እላታለሁ። አንድም ቀን አልተጠራጠርኳትም። ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ኮት የለበሰ ሰው፣ ሜዳ ላይ በሆዱ...» አሉና ተዉት።

«ማመንዎን አውቃለሁ፣ ኦም» አለች ጆሊን። «ግን ያመኑትን ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ያዩትን ነው።»

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚንበረከከው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ የሚተኛው ሕፃንና ከመጠጥ ቤት የተመለሰ ሰው ነው። ይህን ልማድ ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ ማንም ግን አይሽረውም። እኔ ራሴ እዚህ አገር በኖርኩባቸው አሥራ አራት ዓመታት ከወገቤ በላይ ያለውን አበባ ብቻ ሳይ ነው የኖርኩት ብል አላጋነንኩም። ክብር ከመሬት ስለሚያርቀን ስንት ነገር ሳናይ እናልፋለን?

ኦም አጵሎስ ተነሡ። ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ አጠፉት፣ ሰጡኝ።

«እኔ እተኛለሁ» አሉ። «ኮቱ ግን አይተኛም።»

ጆሊን ጆንያውን ዘረጋች። ሽማግሌው በመጀመሪያ በጉልበታቸው፣ ቀጥሎ በእጃቸው፣ በመጨረሻም በደረታቸው ወረዱ፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ድምፅ ነበረው። ልክ በዚያው ጊዜ የቀትሩ ነፋስ ተነሣና አበቦቹን ያወዛውዛቸው ጀመር። ጆሊን ኮቱን በሁለት እጄ ዘርግቼ እንደ መጋረጃ እንድይዝ አዘዘችኝ፤ ያዝኩ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን ነው የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን እህት ማግሪታ በአህያ ጋሪዋ ከላይ የመጣችው። ጋሪውን አቆመች።

«ወንድም አጵሎስ ሞተ እንዴ?» አለች፣ ጠዋት ስለ አየሩ እንደምትጠይቅ አድርጋ።

«አልሞትኩም፣ እህት ማግሪታ» አሉ ኦም አጵሎስ ከመሬት።

«ጠጥተህ ነው?»

«ሻይ ብቻ።»

«ኮትህን መምህሩ ለምን ይዞታል?»

«ነፋስ እየከለከለ ነው።»

«ለማን?»

«ለድሪካ አበባ።»

እህት ማግሪታ ይህን ትንሽ አሰበችበት። «ለእኔ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ነፋስ የከለከለልኝ ሰው የለም» አለች። ከዚያም ከጋሪው ወረደችና ከማዶ በኩል መጥታ ሰፊ ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። ነፋሱ ጸጥ አለ።

«አሁን» አለች ጆሊን ከኦም አጵሎስ ጎን ተኝታ። «ሲባጎውን ይተዉት፤ እሱ ለሰው ፊት ማንሻ ይሁን። እዚህ ዐይንዎ ይበቃል። ካሜራውን ከጉሮሮዋ ጋር ፊት ለፊት ያድርጉት። ቀና ብሎ ከገባ ቀለበቱና ጠጉሩ ከእርስዎ እኩል ርቀት ላይ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲጠራ ሌላውም ይጠራል። ከጎን ካዩዋት ግን አንዱን ሲይዙ ሌላው ያመልጥዎታል።»

«ቀዳዳውስ?»

«ከፈት ያድርጉት፤ እስከ መጨረሻው ግን አይደለም። በጣም ከሰፋ የጠጉሩ ጫፍ ብቻ ይጠራል፣ ቀለበቱ ይቀራል። እንደ መርፌ ዐይን ከጠበበ ደግሞ ብርሃን ያንሰውና ካሜራው ይዘገያል፤ እሷ በነፋስ ትቀድመዋለች። መሃሉ ላይ።»

«የሌንሱን ቀለበት ላዙር?»

«አይንኩት። የሚንቀሳቀሰው ሰውነትዎ ነው። የስንዴ ፍሬ ያህል ወደፊት፣ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደኋላ። እየተነፈሱ።»

ኦም አጵሎስ ተነፈሱ። ከላያቸው ሆኜ የካሜራውን መስታወት አይ ነበር። መጀመሪያ የፊተኛው ቅጠል ጫፍ ጠራ፤ ያቺው ጉንዳን አለች። ሽማግሌው በደረታቸው ትንሽ ወደፊት ተሳቡ፤ ጫፉ እንደ ቅቤ ቀለጠ፣ ጉንዳኗም ጠፋች። ለአፍታ ሁሉም ነገር ቀለም ብቻ ሆነ። ከዚያ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚወጣ ባልዲ ቀለበቱ ከታች ብቅ አለ፤ ቀርቦ ቀርቦ ክብ ሆኖ ቆመ። በመሃሉ ሦስቱ ዘንጎች ቢጫ ብናኛቸውን ተሸክመው ቆመዋል፤ በእግራቸው ስር ነጭ ጠጉር አለ።

ኦም አጵሎስ አልተጫኑትም።

«ይጫኑት፣ ኦም» አለች ጆሊን።

«ቆይ።»

«ነፋስ ይመጣል።»

«ይምጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ትንሽ ልያት።»

ጠበቅን። የእህት ማግሪታ ክንድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንኳ አላጉረመረመችም።

«ጠጉር አለው» አሉ ኦም አጵሎስ በመጨረሻ። «የግልገል ጆሮ ውስጥ እንዳለው ዓይነት።» ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «ቀለበቱ ጥቁር አይደለም። ሐምራዊ ነው፣ ደማቅ ሐምራዊ። ድሪካ ተሳስታለች። አርባ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እሷ ስትሳሳት ስይዛት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ተኝታ ስታየው ጥላዋ አርፎበት ይሆናል» አለች እህት ማግሪታ፤ ለሴት መወገኗ ነበር።

ሳቃቸው ሲበርድ ተጫኑት። ሰባት ጊዜ አነሡ። እህት ማግሪታም እኔም ልይ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሰው እንዳያያት ግራና ቀኝ ቃኝታ ተኛች። እስክንጠራት ድረስም አልተነሣችም።

ምስሎቹን አተልቀን ስናይ ጆሊን ለአዲስ ክርክር እየተዘጋጀች መሆኗ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ምክንያቱም ከአበባዋ በስተኋላ ያሉት የቀሩት አሥሩ አበቦች፣ ቋጥኙና ተራራው ሁሉ ደብዝዘው ለስላሳ ቀለም ብቻ ሆነዋል። ኦም አጵሎስ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት።

«ጎረቤቶቿ ደብዝዘዋል» አሉ።

«አዎ፣ ኦም። ግን...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ደብዝዘዋል እንጂ አልሄዱም። ቀለማቸው አለ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ እንደሚያዳምጠው ነው። እሷ እየተናገረች ነው፤ እነሱ እያዳመጧት ነው።» ካሜራውን ለጆሊን መለሱላት። «ይሄ ንቀት አይደለም። ይሄ ጨዋነት ነው። እኔ እስከ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳናግር ማናቸውንም ሳልሰማ ቀርቻለሁ።»

ጆሊን ያዘጋጀችውን ክርክር ሳትጠቀምበት ዋጠችው። ዐዋቂነት አንዳንዴ ዝም ማለትን ይጨምራል፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯት እንደሆነ አላውቅም።

የዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ፎቶውን ላክን። ዓርብ በአምስት ሰዓት ኦም አጵሎስ ኮታቸውን ለብሰው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኙ፤ ጆሊንና እህት ማግሪታም አብረዋቸው ነበሩ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ሰዓት ላይ እህት ማግሪታ «ምሳ እየበሉ ይሆናል፤ የከተማ ሰው ምሳ ላይ ይቆያል» አለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መልሱ መጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«አየናት። ቀለበቱንም ጠጉሩንም አይተናል። ከእህቶቿ የተለየች ናት፤ ገጹ የእሷ ነው። ፎቶው እንዳለ ይወጣል። ሁለት ነገር ብቻ ይላኩልን፤ ያገኛት ሰው ማን ነው? በአካባቢውስ ምን ትባላለች?»

ኦም አጵሎስ የሚናገሩትን እኔ ጻፍኩ። ያገኘቻት ድሪካ ሊንክስ፣ የካሚስ ተራራ ፍየል ጠባቂ። ፊደሉን ሁለት ጊዜ እንዳነብላቸው አደረጉኝ።

«የአካባቢ ስሟን ደግሞ ‹የድሪካ አበባ› እንበላት» አለች ጆሊን።

«አይሆንም። ስሟ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ከተጻፈ መንደሩ ይቀየማል።»

«እውነት ነው» አለች እህት ማግሪታ። «እኔ እቀየማለሁ።»

«ታንት ድሪካ ራሷ ምን ትላት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስም አላወጣችላትም» አሉ። የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ዙሪያውን አዳሰሱት። «በየዓመቱ መስከረም ላይ ስትከፈት እዚያው ተኝታ ወደ እኔ ትጣራ ነበር። ‹ና እይ› ነበር የምትለኝ። እኔም ፍየሎቹ ይበተናሉ እላታለሁ። ፍየሎቹ የትም አይሄዱም ነበር።» ባርኔጣውን አደረጉት። «‹ና እይ› ብለው ይጻፉላት።»

ጻፍኩ፤ ላክሁትም።

መጽሐፉ ከወጣ አሁን ሁለተኛ ጸደዩ ነው። ኦም አጵሎስ በየሳምንቱ ሰኞ ክፍሌ እየመጡ ልጆቹን ያስተምራሉ። ማንም ልጅ ካሜራ ከማንሳቱ በፊት «የዚች ምልክቷ የት ላይ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያንን ሳይመልስ አይጫንም። በዚህ መንገድ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች የግጦሹ በር ላይ ተለጥፈዋል። አንደኛው ፍየል የሚገድለው አበባ ነው፣ ሁለተኛው እሱን የሚመስለውና ጉዳት የሌለው ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በመሃል ቅጠላቸው ላይ ባለች የጣት አሻራ በምታህል ቢጫ ነጥብ ብቻ ነው። ፎቶዎቹ ከተለጠፉ ወዲህ ኦም ሄርት አንድም ፍየል አልሞተባቸውም። የፋሲካው ፎቶ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። አዲስ ነገር መልመድ አሮጌውን ሁሉ መጣል እንዳልሆነ፣ የቱን የት ማዋል እንደሚገባ መምረጥ እንደሆነ ኦም አጵሎስ ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ አምስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወደ ቋጥኙ ወጡ። ኮቶቻቸውን በተርታ ቋጥኙ ላይ አንጠለጠሉና አንድ በአንድ በደረታቸው ወረዱ። ሲነጋገሩ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ሁለቱ ቀለበቱ ጥቁር ነው አሉ። ሦስቱ ሐምራዊ ነው አሉ። ኦም አጵሎስ ፀሐይዋ ትንሽ እስክታዘነብል ጠብቁ አሏቸው። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፤ የሚከራከሩት ግን ሁሉም ያዩት ሰዎች ናቸው።